ከሥዕሉ በፊት ፊደሉን፦ ማስታወሻን በሥዕል ስለመያዝ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ስድስት ኪሎ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ቲክቶክ ላይ ኖታቸውን በሥዕልና በሚያምር ፊደል የሚይዙ ልጆች አየሁና፣ እኔም ልሞክር ብዬ 1,800 ብር አውጥቼ ባለ 24 ቀለም ማርከር ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ሞከርኩ። ሥዕል አልችልም። ጽሑፌን ደግሞ ዶሮ የጫረው ነው ይሉኛል። ርእስ እያሳመርኩ መምህሩ ሁለት ስላይድ ጥሎኝ ይሄዳል። ሥዕል ትምህርት ቤት ልመዝገብ? ታብሌት ልግዛ? ወይስ ይሄ ነገር ተሰጥኦ ላለው ብቻ ነው?»

መልስ፦

ለሦስቱም መልሴ አንድ ነው፤ አይ። ሥዕል ትምህርት ቤት አትመዝገቢ። ታብሌትም አትግዢ። ተሰጥኦም አያስፈልግሽም። ማርከሮቹን ለጎረቤት ልጅ ስጪና ቀዩን ብቻ አስቀሪ። እሱን ለምን እንደምፈልገው ወደ ታች እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ያሳሳተሽን ነገር እናንሳ። ቲክቶክ ላይ ያየሻቸው ገጾች አብዛኞቹ ክፍል ውስጥ የተያዙ አይደሉም። ቤት ተቀምጦ፣ ከሌላ ደብተር እየተገለበጠ፣ ሻይ እየተጠጣ የተሠራ ነገር ነው። ቪዲዮው ስለሚፈጥን የሁለት ሰዓት ሥራ የግማሽ ደቂቃ ይመስላል። አንቺ ያንን ለመሥራት የሞከርሽው ግን መምህር እያወራ ነው። እኔም አልችለውም። ስንት ዓመት የሰው ስብሰባ በሥዕል እየያዝኩ እንጀራ በልቼ ዛሬም ርእስ እያሳመርኩ ማዳመጥ አይሆንልኝም። ጆሮዬ ይዘጋል።

ሒሳቡም አይገጥምም። ሰው በደቂቃ ከ100 ቃል በላይ ያወራል፤ እጅ የዚያን ሩብ ከጻፈ ጎበዝ ነው። ስለዚህ በሥዕል ያዝሽም በጽሑፍ፣ የምትጥዪው ከምትይዢው ይበዛል። ምን ልጣል የሚለውን ካልወሰንሽ እጅሽ ቢያምርም ባያምርም ለውጥ የለውም።

ሥዕሉስ ለምን ይጠቅማል? ይሄ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋምስ፣ ሚድ እና ፈርናንደስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ሰብስበው ከሰጧቸው ቃላት ገሚሱን እንዲስሉ፣ ገሚሱን ደጋግመው እንዲጽፉ አደረጉ። ሰዎቹ የሳሉትን ከጻፉት በብዙ አስበልጠው አስታወሱ። ከሙከራዎቹ በአንዱ ለአንድ ቃል የተሰጠው ጊዜ 4 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ያኔም የተሳለው በለጠ። የሥዕሉ ማማር ደግሞ ለውጥ አላመጣም። በ4 ሰከንድ ምን ዓይነት ሥዕል እንደሚወጣ አስቢው። ዶሮ የጫረው ነው።

ግን እንዳናጋንነው። ያ የተሠራው በነጠላ ቃላት ላይ ነው፤ የሁለት ሰዓት ሌክቸር ሌላ ነገር ነው። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ሌላም ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃኪ አንድሬድ የተባለች የእንግሊዝ አገር ተመራማሪ 40 ሰዎችን አሰልቺ የስልክ መልእክት አሰማች። እየሰሙ ወረቀት ላይ ቅርጽ ሲያጠቁሩ የነበሩት ከሌሎቹ 29 በመቶ የበለጠ አስታወሱ። ይህን ይዘው «ዝም ብለሽ ሞነጫጭሪ፣ ይገባሻል» የሚሉ አሉ። ሰዎቹ ግን የሰሙትን አልሳሉም፤ ባዶ ቅርጽ ነው የሞሉት፤ የጠቀማቸውም ሐሳባቸው እንዳይሸሽ ስለያዘላቸው ይመስላል። በደብተርሽ ጠርዝ ላይ አበባ መሳል ከእንቅልፍ ያድንሽ ይሆናል እንጂ ኖት አይሆንም።

አሁን «ሥዕል አልችልም» ወዳልሽው። አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ለገሃር ሂጂና የይሁዳ አንበሳን እዪው። ዘውዱ፣ መስቀሉ፣ ጋማው፣ ጡንቻው፣ ሁሉም አለ። ጆርጅ ጋርዴ የተባለ ፈረንሳዊ የሠራው ነው። በ1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ቆመ፣ ኋላ ጣልያን ሮም ወሰደው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። እሱን አይተሽ ስትጨርሺ በእግርሽ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ነይ። እዚያም ፊት ለፊት አንበሳ ቆሟል። ይሄኛው ሞሪስ ካልካ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ለዘውዱ 25ኛ ዓመት የሠራው ነው። ጸጉሩ አንድ በአንድ አልተቀረጸም። ድንጋዩ ትልልቅ ቅርጽ ሆኖ ተቆርጦ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አለቀ።

ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁለቱንም «አንበሳው ጋ» ይላቸዋል፤ ማንም ፈረስ መስሎት አያውቅም። የለገሃሩን ለመሳል ዓመታት ያስፈልግሻል። የቴአትሩን ግን እዚያው ቆመሽ በእስክሪብቶ፣ በሰባት ስምንት መስመር ታወጪዋለሽ። ኖት ላይ የምትፈልጊው የቴአትሩን ዓይነት ነው። ሥዕል ትምህርት ቤት፣ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱትም ይሁን በየሰፈሩ ያለው የቅዳሜ ክላስ፣ የሚያስተምርሽ የለገሃሩን ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ከፈለግሽ ለነፍስሽ ተማሪ። የኢኮኖሚክስ ኖትሽን ግን አያድንልሽም።

እና ጊዜሽን የት ታውዪው? ፊደል ላይ። ከገጽሽ ሥዕል የሚሆነው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ቃል ነው። እኔ ከታፔላ ቤት ነው የመጣሁት። ፒያሳ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆርቆሮ ላይ «ፀጉር ቤት» እና «ሥጋ ቤት» እየጻፍኩ ነው እጄ የተፈታው። ስለዚህ ለፊደል አዳላለሁ፤ ይታወቅልኝ።

ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር ከሞላ ጎደል ለላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። ርእሱን በትልቁ ፊደል፣ ዝርዝሩን በትንሹ ጻፉ ይላል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። እንደ እንግሊዝኛው ተቀጣጥሎም አይጻፍም። ያለን መጠን፣ ውፍረትና ቀለም ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን በዚሁ ነው የኖሩት፤ ጽሑፉ በጥቁር፣ ርእስና የቅዱሳን ስም በቀይ። በሁለት ቀለም ስንት መቶ ዓመት ሠርተዋል፤ 24 ማን አየ? ቀዩን ማርከር አስቀሪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። እነሱ ደግሞ ከመጻፋቸው በፊት ብራናውን በወስፌ ያሰምሩታል። ዝም ብሎ የሚጀምር ቁም ጸሐፊ የለም። አንቺም ርእስ ስትጽፊ መጀመሪያ ሁለት ስስ መስመር፣ አንድ ከላይ አንድ ከታች፣ አስምሪ። ግማሹ ማማር ከዚያ ነው የሚመጣው።

ጽሑፍሽ ለምን ዶሮ የጫረው እንደሚመስል ደብተርሽን ሳላይ መገመት እችላለሁ። ስንቸኩል የፊደሉ አካል አይጠፋም። የሚጠፋው ቅጥያው ነው። ሰ እና ሸን የሚለያቸው አናቱ ላይ ያለችው ጭረት ናት። «ቤቱን ለልጁ ሰጠ» እና «ቤቱን ለልጁ ሸጠ» መካከል ያለችው ይህችው ጭረት ናት፤ በእሷ ሰበብ ቤተሰብ ሊጣላ ይችላል። የኃምስ ቀለበት ካልተዘጋ ደግሞ ሣልስ ይሆናል፤ «ቤ» ብለሽ የጻፍሽው ከሳምንት በኋላ «ቢ» ሆኖ ይጠብቅሻል። ራብዕም እንደዚያው። የ«ባ» ግራ እግር ማጠሩ ካልታየ «በ» ነው። እነዚህን ሦስቱን፣ ጭረቷን፣ ቀለበቱንና አጭሩን እግር፣ ካስተካከልሽ የቀረው እንደፈለገ ይጣመም፤ ይነበባል።

መለማመጃው ቀላል ነው። ስኩዌር ደብተር ግዢ፣ የሒሳቡን። በቀን 10 ደቂቃ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻ። ዛሬ ከበ እስከ ቦ። ነገ ከሰ እስከ ሶ፣ ከሥሩ ከሸ እስከ ሾ። ቁመቱ ሁለት ካሬ ይሁን፤ ሁሉም አናታቸው አንድ መስመር ላይ ይረፍ። ቀስ ብለሽ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ። ያፍራል ሰው መጀመሪያ፣ አውቃለሁ። ከዚያ የትምህርትሽን ቃላት ጻፊ፤ ገበያ፣ ዋጋ፣ ፍላጎት፣ አቅርቦት፣ ወለድ፣ ዕዳ። በየቀኑ የምትጽፊያቸው ስለሆኑ እጅሽ እነሱን ይልመድ።

ለርእስ የሚሆን አንድ ዘዴ ላሳይሽ፤ ከታፔላ ቤት የቀረልኝ ነው። «ገበያ» ብለሽ ሰፋ አድርገሽ በቀጭኑ ጻፊ። አሁን የቆሙትን መስመሮች ብቻ ፈልጊ። የገ አንድ እግር፣ የበ ሁለት እግር፣ የያ እግር። ከእያንዳንዱ በስተቀኝ አንድ መስመር አስጠጊና መሃሉን ሙዪ። አግድም የሄደውን አትንኪ፤ ቀጭን ይቅር። አየሽው? የመቃ ብዕር በአንድ ስንዘራ የሚያወጣውን ውፍረት በቢክ እስክሪብቶ አመጣሽው። ጊዜም አይፈጅም። ግን ክፍል ውስጥ አይደለም! ክፍል ውስጥ በቀጭኑ ጽፈሽ ትሄጃለሽ፤ የምታወፍሪው ቤት ገብተሽ ነው። በነገራችን ላይ ለፍጥነት እዝባርን አትርሺ። የቢሮ ሰው ነሽ፣ መ/ቤትና ፍ/ቤት ብለሽ ስትጽፊ ነው የምትውዪው። ለትምህርትሽም የራስሽን ፍጠሪ፤ ብቻ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ፍቺውን አስቀምጪ፣ አለበለዚያ ፈተና ሲደርስ እንቆቅልሽ ነው የሚሆንብሽ።

ከፊደሉ ቀጥሎ አማርኛ ራሱ ወጥመድ አለው። ግሳችን መጨረሻ ነው የሚመጣው።

አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት ስብሰባውን ግድግዳ ላይ በሥዕል እንድይዝለት ቀጠረኝ። ኃላፊው ተነሱና «በዚህ ዓመት ሠራተኛው የቤት አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ የሕክምና ሽፋን...» እያሉ መዘርዘር ጀመሩ። እኔ ቤቱን ሳልኩ። ሚኒባሱን ሳልኩ። መርፌውን ሳልኩ። ሦስቱንም ጥርሱ የተገለጠ ሰውዬ እጅ ላይ አስታቀፍኩ። ሰውየው ትንፋሽ ወሰዱና «...የሚያገኝበት ሁኔታ አይኖርም» ብለው ጨረሱት። አዳራሹ በሙሉ ግድግዳውን እያየ ሳቀ። ኃላፊው ግን አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ ዓረፍተ ነገሩ ሳይዘጋ እጄ ወረቀት አይነካም።

እንግሊዝኛ ላይ «አይ»ው ቶሎ ስለሚመጣ እየሰማሽ መሳል ትችያለሽ። አማርኛ ላይ ጠብቂ። መጠበቁ ደግሞ ጥቅም አለው፤ እስኪዘጋ ስትጠብቂ የትኛው ዋና እንደሆነ ጭንቅላትሽ ውስጥ ይለያል፣ ከአምስት ዓረፍተ ነገር የምትይዢው አንዱን ይሆናል።

ከአንቺው ትምህርት እንውሰድ። መምህሩ እንዲህ አለ እንበል፤ «ብሔራዊ ባንክ ወለድ ሲጨምር ሰው ለመበደር ያመነታል፣ ገበያ ውስጥ የሚዘዋወረው ገንዘብ ይቀንሳል፤ የዋጋ ንረቱ የመጣው ከአቅርቦት እጥረት ከሆነ ግን ወለድ መጨመር ብቻውን የጤፍን ዋጋ አያወርደውም።» ቃል በቃል ልጻፍ ካልሽ አንቺ «ለመበደር» ላይ ስትደርሺ እሱ ጤፍ ጋ ነው። ስለዚህ እስክሪብቶሽን አንሺና እስከ «አያወርደውም» አዳምጪ። ከዚያ በግራ በኩል ጣሪያና ሦስት ምሰሶ ያለው ሳጥን፤ ባንኩ ነው። ከጎኑ «ወለድ» እና ወደ ላይ ቀስት። ወደ ቀኝ ቀስት፣ ክብ ውስጥ «ብር»፣ ወደ ታች ቀስት። ከሥር አፉ የታሰረ ጆንያ፣ ሆዱ ላይ «ጤፍ»። ከክቡ ወደ ጆንያው አንድ መስመር ሳቢና በቀዩ ኤክስ አድርጊበት። ከጆንያው ጎን «አቅርቦት!»። በቃ። ጥቂት ቅርጽ፣ አራት ቃል። ፈተና ላይ የምትጠየቂው ያቺን ቀይ ኤክስ ነው።

ለምልክቶችሽ ከኢንተርኔት አትገልብጪ። አምፖል ለሐሳብ ይላሉ፤ እኛ ጋ አምፖል መጀመሪያ የሚያስታውሰው መብራት መጥፋቱን ነው። ክብ ማህተም ብትስዪ ግን መንግሥት ወይም ፈቃድ ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ሆኖ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ምልክት የሚሠራው እንዲህ፣ አንዴ ከተወሰነ በኋላ ሳይቀያየር ነው። ሃያ ይበቃሻል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፤ ሰዓት ስትስዪ ከጎኑ ቁጥሩን ጻፊ። የጠዋቱ 3 ሰዓት ቀስቱ 9 ላይ ሆኖ ስትስዪው ከወር በኋላ የትኛውን እንዳልሽ አንቺም አታውቂውም። ሌላው ደግሞ መምህሩ ቃሉን በእንግሊዝኛ ካለው በእንግሊዝኛ ጻፊው፤ እዚያው ልተርጉም ስትይ ዓረፍተ ነገሩ ያመልጥሻል።

ስለ ታብሌቱ አጭር ነገር ልበልሽ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሙለር እና ኦፐንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች በላፕቶፕ ኖት የሚይዙ ተማሪዎች ቃል በቃል ወደ መገልበጥ እንደሚያዘነብሉ፣ የመረዳት ጥያቄ ላይም በእጅ ከጻፉት እንዳነሱ አሳዩ። በኋላ ሙከራውን የደገሙት ሰዎች ግን ያን ያህል ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ ወረቀት ተአምር ነው አልልሽም። የምልሽ ታብሌቱ የሚያጠፋ ቁልፍ አለው ነው፤ አንድ ፊደል ሦስቴ እያጠፋሽ ስታስተካክዪ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ቢክ አይጠፋም፤ ተጣሞም ይታለፋል። ያ ነው የሚያስፈልግሽ።

የማይሠራበትም ቦታ አለ። ግራፍና ፎርሙላ በራሳቸው ሥዕል ናቸው፤ እንዳሉ በትክክል ገልብጪያቸው እንጂ አታስጊጪያቸው። የሕግ ትርጉምና ፈተና ላይ ቃል በቃል የሚጠየቅ ነገር ካለ እንዳለ ይጻፍ። መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ የምትይዢ ከሆነ እዚያ ላይ አንድም ነገር እንዳትስዪ፤ ሰነድ ነው፣ ነገ ኦዲተር ያየዋል። ለራስሽ በሌላ ወረቀት ያዢ፣ እሱንም ቢሆን አለቃሽ ፊት ተቀምጠሽ አይሁን፤ ካርቱናቸውን እየሳልሽ ይመስላቸዋል።

እኔ አንቺን ብሆን የምሠራውን ልንገርሽ፤ ለስድስት ሳምንት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ክፍል ውስጥ ምንም አትሳዪ፣ እንደ ድሮሽ ጻፊ። ፊደሉን ብቻ በቀን 10 ደቂቃ ተለማመጂ። ሦስተኛና አራተኛው ሳምንት ላይ ከአንድ ኮርስ ብቻ የያዝሽውን ኖት በዚያው ምሽት፣ ግፋ ቢል በማግስቱ ቢሮ በምሳ ሰዓት፣ አንድ ገጽ ላይ በሥዕል መልሰሽ ሥሪው። ኖቱን ዘግተሽ። መጀመሪያ ከጭንቅላትሽ አውጪ፣ ከዚያ ከፍተሽ የጎደለውን በቀዩ ሙዪ። ከስድስቱ ሳምንት አንዱን ብቻ አድርጊ ብትዪኝ የምመርጥልሽ ይሄንን ነው፤ ያስታወስሽውንና የረሳሽውን እዚያው ስለሚያሳይሽ። ገጹን ሳትጀምሪ ለርእስ ከላይ አራት ካሬ፣ በቀኝ ጠርዝ ደግሞ ለጥያቄ አንድ ዓምድ ባዶ ተዪ። አምስተኛው ላይ እዚያው ኮርስ ውስጥ፣ መምህሩ እያወራ፣ በየአሥር ደቂቃው አንድ ሥዕል ብቻ ሞክሪ። ስድስተኛውም እንደዚያው። ሌሎቹን ኮርሶች አትንኪ፤ ውጤትሽን አስይዘሽ አትለማመጂ። አንድ ቀን ድካም ከያዘሽ ተዪው፣ ሥራ ውለሽ ነው የምትማሪው።

ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። አንበሳሽን አላይብሽም። ሰ እና ሸ መለየታቸውን ነው የማየው።